በአፍ መፍቻው ያንጎራጎረ ሰው

ሐረር ጀጎልን የምታውቁ አንባቢዎቻችን ከፈረስ መጋላ ወደ ግዲር መጋላ የምትወርደውን ጠባብ መንገድ ታስታውሳላችሁ። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ስለሚያንኳኩባት «መኪና ግርግር» ተብላለች። በዚያች መንገድ መቶ እርምጃ ያህል ብትራመዱ አራት ቋንቋ ትሰማላችሁ። ከገጠር አትክልትና ወተት ይዛ የመጣችው እናት በኦሮምኛ ትናገራለች፤ ባለ ሱቁ በኦሮምኛ ይመልስላትና ወዲያው ዞር ብሎ ልጁን በሐረሪ ቋንቋ ይቆጣዋል። ልብስ ሰፊው ከደንበኛው ጋር በአማርኛ ዋጋ ይከራከራል። ከጅጅጋ የመጣው ነጋዴ ደግሞ ሶማልኛውን ይዞ ይደርሳል። ማንም ማንንም አይገርመውም።

ይህ የዛሬው ሐረር ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ በገበያ ሲነገር ማንም የማይከለክለው፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን የሚያስጠረጥር የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ዛሬ ታሪኩን የምናወጋችሁ ሰው በዚያ ዘመን በዚያ ቋንቋ አፉን የከፈተ፣ ከ60 ዓመት በላይም ያልዘጋ ነው። ስሙ አሊ ሙሐመድ ሙሳ ይባላል። ሕዝብ የሚያውቀው ግን አሊ ቢራ ብሎ ነው።

መቼም «የዘፋኝ ታሪክ በእኛ መጽሔት ምን ይሠራል?» የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሊ ሙስሊም ነበር፤ የዘፈነውም ስለ ፍቅር፣ ስለ አገርና ስለ ናፍቆት እንጂ መዝሙር አልነበረም። ካሴቱን ገዝታችሁ በቤታችሁ ክፈቱት ለማለትም አልተነሣንም፤ እሱን እናንተና ሕሊናችሁ ተነጋገሩበት። ነገር ግን አንድ ሰው የተወለደበትን ቋንቋ እንዳያፍርበት፣ ልጆቹም እንዳያፍሩበት ምን ያህል ዋጋ መክፈል እንደሚቻል የሚያሳይ ሕይወት ነው። ይህ ደግሞ የእኛንም አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ይነካል። እንዴት እንደሚነካ ቆየት ብለን እናየዋለን።

ስሙን ያወጣለት ዜማ

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። «ቢራ» የሚለውን አይታችሁ እንዳትደነግጡ! ሐረር ከተማ የቢራ ፋብሪካ እንዳላት የታወቀ ቢሆንም ይህኛው ቢራ ከጠርሙስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። «ር» ጠበቅ ተደርጎ ይነበባል። በኦሮምኛ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ አበባው ሲፈነዳ የሚመጣው ወቅት ነው፤ እኛም በአማርኛ «ብራ ሆነ» ከምንለው ብዙ አይርቅም። ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ መድረክ ወጥቶ የተጫወተው የመጀመሪያ ዜማ «ቢራ ዳ በሪኤ» የሚል ነበር፤ ብራው ነጋ እንደ ማለት ነው። ሰው ከዜማው ስም ቆርሶ ለልጁ ሰጠው። የአባቱ ስም መታወቂያ ላይ ቀረ፤ የዜማው ስም ግን እስከ መቃብር አብሮት ሄደ።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1947 ድሬዳዋ ውስጥ ነው። ድሬዳዋ ያኔ የሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ከተማ ነበረች፤ የግዛቱ ዋና ከተማ ደግሞ ሐረር። ሁለቱ ከተሞች በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይራራቁ እንጂ እንደ ታላቅና ታናሽ ናቸው። ሐረር በአሚር ኑር ዘመን በ16ኛው መቶ ዓመት ግንቧን አጥራ፣ አምስት በሮቿን እየከፈተችና እየዘጋች የኖረች ጥንታዊት ከተማ ናት። ድሬዳዋ ግን እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው ባቡር ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ ስላቃተው ከሥር የተቆረቆረች ናት። ባቡሩ ሰውን ሁሉ አመጣ፤ ዓረብ፣ ግሪክ፣ አርመን፣ ሕንድ፣ ሶማሌ፣ አማራ። ከሁሉም ጋር ዜማው መጣ። የየመኑ ኡድ፣ የሱዳኑ ዘፈን፣ የሕንዱ ፊልም ሙዚቃ በአንድ ሰፈር ይሰማል። ከዙሪያ ገጠሩ ደግሞ የኦሮሞ ወጣቶች ሸጎዬ አለ። ልጁ አሊ ጆሮው የተከፈተው በዚህ መካከል ነው።

ቤቱ ግን ሙሉ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሲሆነው አባትና እናቱ ተለያዩ፤ ያደገው ከአባቱ ጋር ነው። ይህን በአንድ መስመር ጽፈን የምናልፈው ነገር አይደለም። ከእናንተ መካከል በእንዲህ ዓይነት ቤት ያደጋችሁ፣ ወይም ዛሬ ልጅ ለብቻችሁ የምታሳድጉ አላችሁ። የሦስት ዓመት ልጅ ስለ ፍቺ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው ማታ ሲያለቅስ የሚመጣው እጅ መለወጡን ነው። አሊ ትምህርቱን የጀመረው በዓረብኛ ትምህርት ቤት ነበር፤ በዚያም ዓረብኛን አወቀ። ኋላ በዓረብኛ ጭምር እንዲዘፍን የረዳው ይኸው ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ግን አልገባም። ኡዱን በጆሮው እየሰማ፣ በጣቱ እየፈለገ ለመደው። ኋላም ጊታር ጨመረበት።

አፍረን ቀሎ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ድሬዳዋ ውስጥ ወጣቶች ተሰባስበው «አፍረን ቀሎ» የሚባል የባህል ቡድን አቋቁመው ነበር። ስሙ «አራቱ ቀሎዎች» ማለት ነው፤ በሐረርጌ ያሉት አራቱ የቀሎ ኦሮሞ ነገዶች የሚጠሩበት ነው። እነ አሊ ሸቦ፣ እነ አቡበከር ሙሳ ነበሩበት። አቡበከር ግጥም ይደርስ ነበር፤ አሊ ከሱ ግጥሞች ብዙዎቹን በዜማ አውጥቷል። አሊ ቡድኑን ሲቀላቀል ወደ 14 ዓመቱ ገደማ ነበር። እስቲ ልጃችሁን በዚህ ዕድሜ አስቡት፤ ድምፁ ገና እየተለወጠ ነው፣ ጫማው በየሦስት ወሩ ይጠበዋል።

ታዲያ ቡድኑ የሚሠራው ምን ነበር? የሰርግና የበዓል ጨዋታ፣ የፍቅር ዘፈን፣ ቀልድና ድራማ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ በወላጆች ቀን የሚታይ ዓይነት ነገር ማለት ነው። ልዩ የሚያደርገው ቋንቋው ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በፍርድ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በጋዜጣ የሚሠራው በአማርኛ ነው። ኦሮምኛ የገበያና የጓዳ ቋንቋ ነው ተብሎ ነበር። በዚህ ላይ ሞቃዲሾ ራዲዮ በኦሮምኛ ፕሮግራም ስለ ጀመረ ባለሥልጣናት በምሥራቅ በኩል የሚሰማውን የኦሮምኛ ድምፅ ሁሉ በጥርጣሬ ያዩት ነበር። እናም ወጣቶቹ ስለ ጨረቃና ስለ ልጃገረድ ቢዘፍኑም የሚሰማቸው ሹም ሌላ ነገር ይሰማ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሕዝቡም ሌላ ነገር ይሰማ ነበር። ሰምና ወርቅ ለአማርኛ ብቻ የተሰጠ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1965 ቡድኑ ታገደ። አባላቱ ተበተኑ፤ የታሰሩም ነበሩ። አሊ ከጓደኛው ከአሊ ሸቦ ጋር ወደ ጅቡቲ ተሻገረ። ጅቡቲ ያኔ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ብዙም ሳይቆይ ወደ አገሩ ተመለሰ። ገና 18 ዓመቱ ነው፤ የሚያውቀው ሙያ ታግዶበታል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ ነውን?

እዚህ ላይ ቆም በሉና አንድ ነገር አስቡ። ከመካከላችሁ ዕድሜያችሁ ከፍ ያለው፣ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ሲዘጋ፣ ከዚያም በፊት የሙሉ ወንጌል አማኞች ተዘግቶባቸው በየቤቱ ሲሰበሰቡ የነበራችሁ፣ መዝሙር ማገድ ምን እንደሆነ ትነግሩናላችሁ። መስኮት ተዘግቶ በሹክሹክታ መዘመር፣ ካሴት ከካሴት እየቀዱ በእጅ ማቀባበል፣ ዘማሪው ታስሮ መዝሙሩ ግን ከእስር ቤት ወጥቶ በአገር ሲዞር ማየት። የምናነጻጽረው እምነትን ከእምነት አይደለም፤ አፉ የተዘጋ ሰው ምን እንደሚሰማው ስለምታውቁ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚጠልቅም ግንኙነት አለ። ኦሮምኛን ከማንም ቀድመው በመጽሐፍ ካሰፈሩት ሰዎች መካከል በወንጌላውያን ታሪክ ስማቸው የከበረ ሁለት ሰዎች አሉ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ በባርነት የተሸጠ፣ ብዙ ጌታ የቀየረ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት ነፃ የወጣች ወጣት ነበረች። ሁለቱ ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መለሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ለትርጉሙ ሥራ የቃላቱን መዝገብ ያጠናቀረችው በአብዛኛው አስቴር ናት።

እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን ሌላው ሥራዋ ነው። አስቴር ከትርጉሙ ጎን የኦሮሞን ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንቆቅልሽና የሕዝብ ዘፈን እየሰበሰበች ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1894 ለማንበቢያ በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ገብቶላታል። አስቡት፤ ከቤታቸው የተነጠቁ ልጆች በባዕድ አገር ተቀምጠው እናቶቻቸው ያንጎራጎሩላቸውን እያስታወሱ በወረቀት ላይ አኖሩት። ያንን ያደረገችው ክርስቲያን ሴት ናት፤ የሠራችውም በሚሲዮን ቤት ውስጥ ነው። የሕዝብ ዜማ ለወንጌል ሰው ባዕድ ነገር ነው ለሚል ሰው የምንመልሰው ይህን ነው።

ኋላ ግን ያ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ወደ ጓዳ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ሕግ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ የአካባቢው ቋንቋ ለመነሻ ያህል በቃል ብቻ እንዲያገለግል ፈቀደ። በሐረርጌ ደደር ላይ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የከፈቱት የሜኖናይት ሚሲዮናውያን የሠሩት በዚህ ሕግ ሥር ነው። የኦሮሞ ገበሬ ስብከቱን በአማርኛ ይሰማል፤ በማግስቱ ለሚስቱ በኦሮምኛ ይተረጉምላታል። በመካከል ምን ያህሉ እንደፈሰሰ እግዚአብሔር ያውቃል።

በዚሁ ሐረርጌ በሙስሊሙም በኩል ተመሳሳይ ጥማት ነበር። ሼክ በክሪ ሰጳሎ የሚባሉ የሃይማኖት መምህርና ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ የሚሆን የራሱ ፊደል ፈጠሩለት። መንግሥት አልወደደውም፤ ሼኩም ከቤት እንዳይወጡ ተደረጉ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1980 ሶማሊያ ውስጥ በስደተኛ ካምፕ አረፉ። አሊ ቢራ ያደገበት አየር ይህ ነው። አንዱ መጽሐፍ ይተረጉማል፣ አንዱ ፊደል ይቀርጻል፣ የ14 ዓመቱ ልጅ ደግሞ ኡዱን ይዞ ይወጣል።

ከክብር ዘበኛ እስከ ቶሮንቶ

ከጅቡቲ መልስ አሊ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1966 አካባቢ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተቀበለው። ነገሩ ያስቃል፤ በአገሩ ቡድኑን ያገደው መንግሥት የንጉሡ ጠባቂ ሠራዊት ባንድ ውስጥ ልብስ ሰጥቶ ደመወዝ ቆረጠለት! በዚያ ቤት እነ ማሕሙድ አሕመድና ብዙነሽ በቀለ ነበሩ። ዘመኑ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን የሚባለው ነው፤ መለከቱ፣ ሳክስፎኑ፣ ከበሮው። ከሐረርጌ የመጣው ወጣት ከትልልቅ ሙያተኞች መካከል ቆሞ ብዙ ነገር ተማረ። ሆኖም የሕይወት ሙሉ ቤቱ አላደረገውም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ1971 የራሱን አልበም አወጣ፤ በኦሮምኛ የመጀመሪያው የሙዚቃ አልበም መሆኑ ይነገርለታል። ከሱ በፊት በኦሮምኛ ያዜመ የለም ለማለት አይደለም። ጥላሁን ገሠሠ እንኳ በኦሮምኛ ተጫውቷል። ነገር ግን ከአማርኛው መካከል እንደ ቅመም ጣል ከማድረግና ሙያን በሙሉ በዚያ ቋንቋ ላይ ከመሥራት ብዙ ልዩነት አለ። ሱቁን በዚያ ቋንቋ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ካልተሸጠለት ይራባል። አሊ ያንን መረጠ። ይሁንና በር ዘግቶ አልተቀመጠም፤ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በዓረብኛና በስዋሂሊም ዘፍኗል። የራሱን የሚወድ የሌላውን ይጠላል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁት መልካም ነው። በእኛ አስተያየት የሐረርና የድሬዳዋ ልጅነቱ በደንብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ መኪና ግርግርን እንደሚያቋርጥ ሰው አፉን እንደ ደንበኛው ይለውጣል፣ የቤቱን ቋንቋ ግን አይረሳም።

ከአብዮቱ በኋላ የቋንቋው ነገር ትንሽ ላላ። ላላ ማለት ተፈታ ማለት አይደለም፤ ደርግ ዘፋኝ ምን እንዲዘፍን እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ። በእነዚያ ዓመታት አሊ በስዊድን የዲፕሎማቲክ አገልግሎት ትሠራ የነበረች ሴት አገባ። እ.ኤ.አ. በ1984 ከሷ ጋር አገር ለቆ ወጣ። አሜሪካ፣ ስዊድን፣ በመጨረሻም ካናዳ። ሥራ ሚስትን ወደሚወስዳት አገር ባል ተከትሎ መሄዱ በእኛ ባህል ዛሬም ጎረቤት የሚያነጋግር ነገር ነው። ያ ጋብቻ ግን እስከ መጨረሻው አልቆየም። ኋላ ላይ ጋዜጠኛዋን ሊሊ ማርቆስን አገባ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አብራው ነበረች። በሰው ትዳር ገብተን ይህ ያጠፋ ያኛው ያጠፋ አንልም፤ አናውቅምና። ሦስት ዓመቱ ላይ የወላጆቹ ቤት የፈረሰበት ሰው የራሱን ቤት ሁለት ጊዜ መሥራት እንደነበረበት ግን ልብ በሉ።

ስደቱ ድምፁን አላጠፋውም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ዓ.ም. ከሐረርጌ፣ ከአርሲ፣ ከወለጋ የተሰደዱ ሰዎች በቶሮንቶ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በስዊድን ሲሰባሰቡ የሚያገናኛቸው አንዱ ነገር የአሊ ካሴት ነበር። የመዝሙረ ዳዊትን 137ኛ ምዕራፍ ያነበበ ሰው፣ በባዕድ ወንዝ ዳር የተቀመጠ ሕዝብ በገናውን ሰቅሎ ሲያለቅስ ያየ፣ ይህን ይረዳዋል። በረዶ በሚወርድበት ከተማ የፋብሪካ ፈረቃ ጨርሶ የገባ ሰው የእናቱን ቋንቋ በዜማ ሲሰማ ጉልበቱ የሚከዳው ለምንድን ነው? እንግሊዝኛ ይበቃዋል፤ ደመወዙን ይቀበልበታል፣ ሐኪሙን ያነጋግርበታል። የሚያለቅሰው ግን በዚያኛው ነው።

በቤታችሁ ምን ይነገራል?

አሁን ወደ እናንተ ቤት እንግባ። ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ አዲስ አበባም ቢሆን ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ከሁለት ቋንቋ የተጋቡ ናቸው። ባል ኦሮሞ ነው፣ ሚስት አማራ ወይም ወላይታ ወይም ጉራጌ ናት። በጓደኝነት ጊዜ ይህ አያስቸግርም፤ እንዲያውም ያምራል። አንተ ከሷ ቋንቋ ሁለት ቃል ትማራለህ፣ እሷ ትስቅብሃለች። ልጅ ሲወለድ ግን ጥያቄው ይመጣል። ልጁ በምን ይቁላላጭ? ብዙ ጊዜ የሚሆነው ማንም ሳይወስን የሚሆን ነው፤ ቤቱ ሁለቱ በሚገናኙበት ቋንቋ ይሞላል፣ የአንዱ ወገን ቋንቋ ደግሞ አያት ሲመጡ ብቻ የሚሰማ ይሆናል። ልጁ አድጎ አያቱ አጠገብ ይቀመጥና ፈገግ ከማለት በቀር የሚለው ያጣል። አያት የሚባርኩበት ቃል አላቸው፤ ልጁ አሜን ይላል፣ ምን እንደተባለ ግን አያውቅም።

«ሁለት ቋንቋ ልጁን ያምታታዋል» የሚሉ አሉ። አያምታታውም። አንዳንድ ጊዜ ቃላቱን ያደባልቃል፣ ኋላም እያጠራ ይሄዳል። ለዚህ ወደ ሩቅ አገር ጥናት መሄድ አያስፈልግም፤ ጀጎል ውስጥ የ6 ዓመት ልጅ ለእናቱ በሐረሪ፣ ለወተት ሻጯ በኦሮምኛ፣ ለአስተማሪው በአማርኛ ሲመልስ ታገኙታላችሁ። ልጁን የሚጎዳው ከቋንቋዎቹ አንዱ በቤት ውስጥ ሲናቅ ነው። ባል በሚስቱ ዘመዶች አነጋገር ሲቀልድ፣ ሚስት «በሱ አታናግረው፣ ትምህርቱ ይበላሽበታል» ስትል ልጁ ይሰማል። የሚሰማውም ስለ ቋንቋ አይደለም፤ ከአባቱ ወይም ከእናቱ አንዱ የሚያሳፍር ነው የሚለውን ነው።

አባት በሥራ ብዙ የማይገኝበት ቤት ከሆነ ደግሞ የአባት ቋንቋ ቀድሞ ይጠፋል። ስለዚህ አባቶች ሆይ፣ ማታ የምትገኙባት ግማሽ ሰዓት ካለች በራሳችሁ ቋንቋ አድርጓት። ተረት አውሩ፣ እንቆቅልሽ ጠይቁ። የቤተሰብ ጸሎት ላይ አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ቢጸልይ ምንም አይጎድልም። በሐዋርያት ሥራ 2ኛ ምዕራፍ በዓለ ሃምሳ ቀን ሕዝቡ የተገረመው ሁሉም አንድ ቋንቋ ስለ ተናገረ አይደለም፤ እያንዳንዱ የተወለደበትን ቋንቋ ስለ ሰማ ነው። አያቶች በሕይወት ካሉ ደግሞ አትዘግዩ፤ አስቴር ጋኖ ወረቀት ይዛ ያደረገችውን እናንተ በስልካችሁ መቅጃ ታደርጉታላችሁ።

ወደ ቤት

እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ ኦሮምኛ በቁቤ ፊደል የትምህርትና የቢሮ ቋንቋ ሆነ። በልጅነቱ የታገደበትን ቋንቋ አሊ በሽምግልናው በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ አየው። ለመጎብኘት ይመጣ ጀመር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ኑሮውን ወደ አገር ቤት መለሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ካባ ለብሶ ቆመ። ከባለቤቱ ጋር ሆኖም በስሙ ለሕፃናት ትምህርት የሚሆን የገንዘብ ድጋፍ አቋቁሞ ነበር።

ጤናው እየደከመ ሄደ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ከተማ በሆስፒታል ሳለ አረፈ፤ 75 ዓመቱ ነበር። ዜናው በተሰማ በሰዓታት ውስጥ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በየታክሲውና በየሻይ ቤቱ የሚሰማው የሱ ድምፅ ሆነ። ከሃምሳ ዓመት በፊት ያ ቋንቋ ከመድረክ እንዲወርድ ትእዛዝ በወጣበት አገር የመንግሥት ቴሌቪዥን ኀዘኑን በዚያው ቋንቋ አነበበ። አስከሬኑ ወደ ተወለደባት ድሬዳዋ ተወሰደ፤ በዚያም ተቀበረ።